ማረው አይሰማም

ማረውን የሰደበው ታደለ ነው። ቀኑ ኅዳር 12፣ 2003 ዓ.ም.፣ እሑድ፤ ቦታው የአድማሴ ቤት፣ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ላይ። ሁለተኛው ጋን ጠላ ተከፍቶ ነበር። ታደለ ከበሩ ሦስተኛ ሆኖ፣ ጋቢውን ባንድ ትከሻው ጥሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ማረው ማን ከማን በላይ መቀመጥ እንዳለበት አንድ ሁለት ነገር ተናገረ። ያኔ ታደለ ዋንጫውን ከአፉ አላቀቀና፣

«ተዉት ባካችሁ፤ ማረው እንደ ርብ ነው። ሲመጣ አጥር ያፈርሳል፣ ሲሄድ ጭቃውን ትቶ ነው» አለ።

ርብ በየክረምቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ የሚያጥለቀልቅ ወንዝ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ርብ የገባበትን ጎጆ ጭቃ ዝቆ የማያውቅ ሰው አልነበረምና ሳቁ ጣራ ነካ። የአድማሴ ሚስት ጠላ ስትቀዳ ሳቅ አንቀጥቅጧት የማረውን እግር በጠላ አጠበችው። በተከታዩ ክረምት የሰፈር ልጆች ማረው ብቅ ባለ ቁጥር «ርብ መጣ፣ ከብት አውጡ!» እያሉ ይበተኑ ነበር። ክረምቱ አለፈ፣ ልጆቹ አደጉ፣ ስሙም ተረሳ። አድማሴ ሞተ፣ ማኅበሩም ተበተነ። ማረው ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ለታደለ የእግዜር ሰላምታ ሰጥቶት አያውቅም።

ማረው የሚረሳ ሰው አይደለም። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል የተወው አስተማሪው «አንተ ከበሬህ ጋር ተመካከር» ስላለው ነው፤ የአስተማሪውን ስም ብቻ ሳይሆን የዚያን ዕለት የለበሰውን ሹራብ ቀለም ያውቃል። ሠርግ ላይ ከድንኳኑ ጥግ ያስቀመጠውን፣ ለቅሶ ላይ እጁን ሳይጨብጥ ያለፈውን፣ ገበያ ላይ «ቆይ፣ መጣሁ» ብሎት ያልተመለሰውን ሁሉ ከነቀኑ ይዞታል። ሌላው ፎገሬ ከብት ያረባል፣ ማረው ቂም ያረባል ይባላል። ይህንንም መጀመሪያ ማን እንዳለው ያውቃል።

እንዲህ ያለውን ሰው ስኳር ያዘው። እርሻውን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ወረታ ዳር፣ የደብረ ታቦሩ መገንጠያ አጠገብ ቤት ሠርቶ ከተቀመጠ ወዲህ ከወንበሩ የሚነሣው ለቤተ ክርስቲያንና ለቀብር ብቻ ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደሙን አየችና፣

«አባቴ፣ ጠዋት ጠዋት ስፖርት ይሥሩ» አለችው።

«ስፖርት? በዚህ ዕድሜዬ ኳስ ላባርር?»

«ይራመዱ። ፈጠን ብለው፣ ላብ እስኪልዎት። ግን እንዳይቆሙ። እየቆሙ መሄድ ስፖርት አይደለም።»

ልጅቱ የአገሩ ሰው አይደለችም መሰል፤ ወረታ ላይ ሳይቆሙ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ አላወቀችም። በመጀመሪያው ጠዋት ማረው ከቤቱ ወጥቶ ባጃጅ ተራው ጋ ሳይደርስ ፀሐይ አናቱ ላይ ወጣች። አንዱ «እንዴት አደርክ?» ይላል። ደህና። ልጅህስ? ደህና። ከብቱስ? ደህና። ሩዙስ፣ ውሃ ጠጣ? እሱን ሲጨርስ ሌላው ይመጣና እንደገና ከ«እንዴት አደርክ» ይጀመራል። «ወዴት ነህ በጠዋት?» ሲሉት ደግሞ መልስ የለውም። ፎገራ ላይ ሰው ወይ ወደ እርሻ፣ ወይ ወደ ገበያ፣ ወይ ወደ ለቅሶ ይሄዳል እንጂ እንዲያው ሄዶ እንዲያው አይመለስም። «ለስኳር ነው» ቢል የመድኃኒት ዓይነት ይቆጠርለታል፤ ባይል «ምን ሸሽጎ ነው?» ይባላል። ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ ነውር ነው። ይህን ከማረው ይበልጥ የሚያውቅ የለም፤ ሰላም ሳይሉት ያለፉትን አንድ በአንድ የያዘ ሰው ነው።

መላውን ያመጣለት አማን ነው። አማን ገበያው አፍ ላይ የስልክ ዕቃና ራዲዮ ይሸጣል። ማረው ምንም ካልያዘባቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው፤ ገዢ ሁሉ ሱቁ ሲገባ እንደ ሙሽራ ስለሚቀበል።

«አያ ማረው፣ አብሽር፣ የዚህ መድኃኒት እኔ ጋ ነው» አለና ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ጥቁር ዕቃ አወጣ። «ኤምፒ ስሪ ትባላለች። እሷን ኪስህ ትከታለህ፣ ኤርፎኑን ጆሮህ ላይ ትሰካለህ። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያስቆምህ ትራፊክ ብቻ ነው።»

«ሰላም ሲሉኝስ?»

«አልሰማህማ! ያልሰማ ሰው ምን ኃጢአት አለበት?»

ማረው ይህን ነገር ወደደው።

«ምን ልጫንልህ? መዝሙር ላድርግልህ? ዘፈን?»

«የሚያስኬድ ነገር።»

አማን ጥቂት አሰበና ቀረርቶና ፉከራ ጫነለት።

ከዚያ ወዲያ ማረው በየጠዋቱ ሜዳውን በሰነጠቀው አስፋልት ወደ ሐሙሲት አቅጣጫ ይገሰግስ ጀመር። ከከተማው ሲወጣ የሩዝ መፈልፈያዎቹን ያልፋል፣ ክምር ቅርፊታቸውን ያልፋል፤ ከዚያ እስከሚመለስባት ትንሽ ድልድይ ድረስ ግራና ቀኙ ሩዝ ብቻ ነው። ጆሮው ውስጥ ድምፀ ጎርናና ሰውዬ ጠላቱን እየጠራ ይፎክራል፤ ማሲንቆው ይከተለዋል፤ የማረውም እግር ሳያስበው የደመኛ እግር ሆነ። ደረቱን ነፍቶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲያልፍ ያየው መንገደኛ ደም ሊመልስ የሚሄድ ይመስለው ነበር። በፍልሰታ ጾም ፉከራውን አስጠፍቶ መዝሙር አስጫነ፤ በመዝሙር ግን እግሩ እየቀዘቀዘ አስቸገረው። ጾሙ እንደተፈታ ወደ ፎካሪው ተመለሰ።

ሰዎች አፋቸው ሲንቀሳቀስ፣ እጃቸው ወደ ባርኔጣቸው ሲሄድ ያያል። እሱ ጣቱን ወደ ጆሮው ቀስሮ፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ከሁሉ የሚጥመው በታደለ ደጅ ማለፉ ነው። የታደለ ቤት መንገድ ዳር ነው፤ ሰውዬው ጠዋት ጠዋት ከብቱን ሲያወጣ ደጁ ላይ ይገኛል። ድሮ ማረው በዚያ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ማዶ ማዞር ነበረበት፣ አንገቱንም ያመው ነበር። አሁን ፊት ለፊት እያየው፣ ደንቆሮ ሆኖ ያልፋል። ታደለ አንድ ሁለት ጊዜ እጁን አንሥቶ ነበር፤ ኋላ ተወው።

ስኳሩም ወረደ። ነርሷ «እንዲህ ነው እንጂ የኔ አባት!» አለችው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል መንገድ ላይ ዝናብ ያዘው። የፎገራ ሜዳ ለዝናብ መጠለያ አይሰጥም፤ ዛፉም ቤቱም ሩቅ ነው። መፈልፈያዎቹ ጋ ሲደርስ ኪሱ ውሃ ቋጥሮ፣ ፎካሪው «እኔ የ…» ካለ በኋላ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይናገር ጸጥ አለ። ማረው ዕቃዋን አወጣ፣ እፍ አለባት፣ በጭኑ መታት። ሞታለች። ኤርፎኑን ከጆሮው ሊነቅል እጁን ሲያነሣ፣ በላስቲክ ሥር ሆና በቆሎ እሸት የምትጠብሰው እናኑ ከጓደኛዋ ጋር ስታወራ ሰማ።

«ያን ሰውዬ እይልኝ፤ ዝናብም አያስቆመው!»

«ምን አባሮት ነው ግን?»

«ስኳር ነው አሉ።»

«ስኳር ሲያስተኛ እንጂ ሲያባርር የት አየሽ? የእሱስ ትዕቢት ነው። ትዕቢት እግር ያወጣ እንደሁ እንዲህ ነው የሚያደርግ።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ይሰማሻል።»

«ምኑን ይሰማል እቴ? ነጋሪት ቢጎሰምለትም አይሰማ። እይ እንግዲህ፤ አንተ ማረው! አንተ ትዕቢተኛ!»

ማረው እጁን መለሰ። ኤርፎኑን አልነቀለም። ፎካሪው አሁንም ጆሮው ውስጥ ያለ ይመስል ቀና ብሎ፣ በዚያው ርምጃ አለፋቸው። ከኋላው በሳቅ ተንከተከቱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞተውን ዕቃ ይዞ ይወጣ ጀመር። አማን ዘንድ ወስዶ አላሠራውም። ማታ ማታ ሚስቱ አገኘሁሽ እንዳትጠረጥር ቻርጅ ላይ ይሰካዋል፤ ጠዋት ይነቅለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሰዎች ከጀርባው ምን እንደሚሉ ሲገምት የኖረ ሰው ግምቱን ማረጋገጥ ቻለ። የባጃጅ ሹፌሮቹ «ኔትወርክ የለም» የሚል ስም አውጥተውለት ኖሯል።

«ኔትወርክ የለም መጣ!» ይላል አንዱ።

«ምን ይሆን ግን ጆሮው ውስጥ የሚዘፈነው?»

«ምን ይዘፈናል? የድሮ ጠቡን አስቀርጾ እሱን ነው የሚያዳምጥ።»

ማረው የተናጋሪውን መልክ፣ የአባቱን ስም፣ የባጃጁን ታርጋ ይዞ ያልፋል። ቤቱ ሲገባ ገበያ እንደቀናው ሰው ፊቱ ይበራል።

ደንቆሮ መሆን ግን ሥራ አለው። አንድ ቀን የጭነት መኪና ከኋላው ጥሩንባውን ሲያንባርቅ፣ ሰው ስለሚያየው ዘልሎ መውጣት አልቻለም። የማይሰማ ሰው አይዘልምና መኪናው ጋቢውን እየታከከ እስኪያልፍ ጠበቀ። ሌላ ጊዜ ሹፌሮቹ ሊፈትኑት «አያ ማረው፣ ቁልፍህ ወደቀ!» አሉት። አልዞረም። «እውነትም አይሰማም» ተባባሉ። ቁልፉ ግን እውነት ወድቆ ነበር፤ አገኘሁሽ ከገበያ እስክትመለስ ድረስ ደጅ ላይ ተጎልቶ ቆየ።

ደስታውም እያደር ደበዘዘበት። የሚሰድቡት አልፎ አልፎ ነው። የቀረውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ሩዝ ዋጋ፣ ስለ ጠፋ ጥጃ፣ ስለ ማዳበሪያ ነው። አንዳንድ ጠዋት እስከ ድልድዩ ሄዶ ሲመለስ ስሙን የጠራ አንድም ሰው አይኖርም። ይህንንም እንደ ንቀት ያዘው፤ በማን ላይ እንደሚይዘው ግን ቸገረው።

ጥቅምት ላይ፣ ሩዙ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ አገኘሁሽ ራት አቅርባ ቁጭ አለችና፣

«ይርጋለምን ሊጠይቁ ነው» አለችው።

ይርጋለም ልጃቸው ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮላት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ማረው የመለሳቸው አንደኛው ሽማግሌ ሳይፈቀድለት ስለተቀመጠ ነው። ሁለተኛዎቹን የመለሳቸው ደግሞ የጠያቂው አጎት አንድ ቀብር ላይ በክርኑ ስለገፋው ነው።

«የማን ልጅ ነው?»

«ደረሰ ይባላል።»

«ደረሰ የማን?»

«የታደለ» አለች አገኘሁሽ ወደ ወጡ እያየች።

ማረው እጁን ከመሶቡ አነሣ።

«ታደለ መጀመሪያ የሰደበኝን ይመልስ።»

«እኔስ ምን ወጣኝ? እሱን ነው የምልህ። አባ ተክለ ማርያም ሊያስታርቋችሁ ነው። በተጣላ ሰው ቤት ሽማግሌ አይገባም፤ እርቁ ካለቀ በኋላ ነው የሚልኩ።»

ቄስ ተክለ ማርያም የሁለቱም ቤት የንስሐ አባት ናቸው። ወደ ደብሩ የመጡት ግን ከስድቡ በኋላ ነበርና ነገሩን በወሬ እንጂ በዓይናቸው አያውቁትም።

ይርጋለም ከጓዳ ወጣች። እጇ እርጥብ ነበር፤ በቀሚሷ አበሰችው።

«አባዬ፣ ሁለቱን ስትመልስ ዝም አልኩህ፤ አልፈለግኋቸውማ። ይህን እፈልገዋለሁ። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ የመለሰ ቤት ደግሞ አራተኛ አይመጣለትም፤ አንተም ታውቀዋለህ።»

ማረው «ውሃ ስጡኝ» አለና እጁን ታጠበ።

በማግስቱ ከድልድዩ ሲመለስ፣ ቄስ ተክለ ማርያምና ታደለ ከሩዝ ማሳዎቹ መሐል በምትወጣው የእግር መንገድ ብቅ ብለው ከኋላው ሆኑ። ማረው ርምጃውን ቀነሰ።

«እሱ አይደለም እንዴ?» አሉ ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እሱ ነው። አይስጉ አባ፣ ያችን ነገሩን ሰክቷል። መድፍ ቢተኩሱም አይሰማ።»

«እንግዲህ ልጄ፣ እሑድ ነው። የሱን ሆድ ታውቀዋለህ፤ ተዘጋጅተህ መምጣት አለብህ። ለመሆኑ ምን ብለህ ነው የሰደብከው?»

የታደለ ዱላ ጫፍ አስፋልቱን ሲነካ ይሰማል። ከማሳው ውስጥ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ይጮኻሉ።

«እውነቱን ልንገርዎት አባ? አላስታውሰውም።»

«እንዴት አታስታውሰውም?»

«ከየት አምጥቼ? አድማሴ ቤት፣ ጠላ ላይ ነው ይላሉ። ጠላ ላይ ስንቱ ይባላል? እኔ እኮ ሰውዬው ሰላምታ ሲነሣኝ ምን እንዳደረግሁት አላወቅሁም። ድንበር ገፍቼበት ይሆን ብዬ የመሬቴን ድንጋይ ሄጄ አየሁ። ከብቶቼ ሰብሉን በልተውበት ይሆን ብዬ እረኛውን ጠየቅሁ። ከስንት ዓመት ኋላ ነው ስድብ ነው ያሉኝ። የሰማ ሰው ባፈላልግ አንዱም ቃሉን አይዘውም። ሚስቱን ባስጠይቃት ‹የባሌን ስድብ ደግሜ አላወራም› አለች። ጨዋ ናት።»

«ታዲያ ምን ልትለው ነው?»

«‹ላልኩህ ሁሉ ይቅር በለኝ› እላለኋ። ድንጋይ ተሸክሜ እወድቃለሁ። ልጄ ልጁን ወዷታል። ለልጅ ድንጋይ መሸከም ምን አለው?»

ቄሱ ሣቅ አሉ፤ ከዚያ ወሬው ወደ ደብሩ ቆርቆሮ ዞረ።

ማረው ይራመዳል። ታደለ «ልክ ነበርኩ» ቢል ይችለው ነበር። «ዛሬም እደግመዋለሁ» ቢል ደግሞ ደስ ባለው፤ ለዚያ የሚሆን መልስ አዘጋጅቶ፣ አጣፍጦ፣ በየዓመቱ እያደሰ አስቀምጧል። ሰውዬው ግን እሱ አሥራ አራት ዓመት የተሸከመውን ነገር ገና የዚያኑ ዕለት ከአድማሴ ደጅ ሳይርቅ ጥሎት ሄዷል። ተጥሎ የቆየ ነገር ነው ተሸክሞ የኖረው። ታደለን ከዚህ በፊት ጠልቶት ነበር፤ ዛሬ የጠላውን ያህል ግን ጠልቶት አያውቅም።

ቄስ ተክለ ማርያም ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ መጡ። ማረው መስቀል ተሳለመና ሳይለመን፣

«እታረቃለሁ አባ» አላቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ!»

«አንድ ነገር ብቻ። ያለኝን ቃል በአፉ ጠርቶ ይቅርታ ይጠይቀኝ። ‹ላልኩህ ሁሉ› የሚባለውን አልቀበልም። ኃጢአት ሲነገር በስሙ ነው፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

የቄሱ ፊት ጠየመ።

«ቢረሳውስ?»

«የሰደበ ይረሳል እንዴ?»

«አንተው ብትነግረኝ ለሱ አደርስልህ ነበር።»

«የተናገረው እሱ ነው አባ። እኔን ምን አገባኝ?»

ቄሱ የቀረበላቸውን ጠላ ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ።

ይርጋለም ሁሉንም ከጓዳ ሆና ሰምታ ነበር። ቄሱ ከአጥሩ እንደወጡ ኤምፒ ስሪዋን ከቻርጁ ነቅላ መጣችና አባቷ ፊት አስቀመጠቻት።

«ይህ ነገር ከሞተ ቆየ አባዬ። ከሳምንታት በፊት ሱቅ ወስጄ ላዳምጥበት ብዬ አልበራ አለኝ፤ መልሼ ሰካሁልህ። ሰው መንገድ ላይ እንዳያስቸግረው ነው ብዬ ለእማዬም አልነገርኩ።»

ማረው ዕቃዋን እንጂ ልጁን አላየም።

«ደረሰ አባቱ ቃሉን እንደማያስታውስ ነግሮኛል» አለች። «አንተም እንደማያስታውስ አውቀህ ነው ‹ጥራው› ያልክ። እንዴት እንዳወቅህ አልጠይቅህም። የሚጠፋው ግን የታደለ ነገር አይደለም፣ የኔ ነው።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሻሿን አስተካከለችና ወደ ሱቋ ሄደች።

ማረው እንደ ልማዱ የልጁን ቃል ከሌሎቹ ጋር ሊያስቀምጠው ሞከረ። ቀኑን ያዘ፣ የቆመችበትን ቦታ ያዘ። ግን ስድብ አልነበረበትም፤ የት እንደሚያደርገው አጣ።

እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ሽማግሌዎቹ በድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማረው በመካከላቸው ነው። ሴቶቹ ራቅ ብለው አጥሩን ይዘው ቆመዋል፤ አገኘሁሽና ይርጋለምም እዚያ ናቸው። ታደለ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሥሮ፣ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ መጣ። ልጁ ደረሰ ከኋላው ይከተላል። በአገሩ ደንብ ድንጋዩን የሚያወርደው የተበደለው ሰው ነው። እሱ ካወረደው እርቁ አለቀ፤ ካላወረደው ተሸካሚው ይዞት ይመለሳል፣ ነገሩም በዚያው ይቀራል።

ታደለ ማረው ፊት ሲደርስ ቆመ።

«ማረው ወንድሜ፣ ላልኩህ ሁሉ…»

«ምን አልከኝ?»

ቄስ ተክለ ማርያም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ታደለ እንደጎበጠ ቆየ፤ መሬቱን ነው የሚያየው።

«እግዜር ያሳይህ፣ አላስታውሰውም» አለ። «ትናንት አንዱን ስድብ ፈጥሬ ልበለው ብዬ አስቤ ነበር። እንዲያውም ሁለት ሦስት መርጬ ነበር።» ከሽማግሌዎቹ አንዱ አስነጠሰው ወይም ሣቀ። «ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ መዋሸት ሆነብኝ። አንተ ንገረኝ። ከአፍህ ልስማውና እሱኑ ጠርቼ ልለምንህ።»

«ደግ አለ» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ። «ንገረውና ይገላገል። ድንጋይ ነው የተሸከመ።»

«ንገረን እንጂ ማረው!» አለ ሌላው፤ እጁን ጆሮው ላይ ደግኖ ጎንበስ አለ። ከኋላ የቆሙት ጎረምሶች አንገታቸውን አሰገጉ። አንደኛው ገና ምንም ሳይባል ከንፈሩ ለሳቅ ተሰናድቷል።

ማረው አፉን ከፈተ። ቃሉን እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ ምላሱ ላይ ነበር። ግን እዚያው ላይ ታየው። ስድቡ ጥሩ ስድብ ነው። አጭር ነው፣ ይጥማል፣ ለአፍ ይመቻል። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ይችሉት ይሆናል፤ ጎረምሶቹ አይችሉትም። ምሳ ሳይበላ መገንጠያው ይደርሳል፣ ሳይመሽ ሐሙሲት ይገባል፤ ሹፌሮቹም አዲስ ስም ያገኛሉ። ሰዉ ሁሉ የረሳውን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ሰዉ ሁሉ ሊያውቀው ነው፤ ያስታወሳቸውም ታደለ ሳይሆን እሱ ራሱ ማረው ሊባል ነው። ዝም ቢል ደግሞ ድንጋዩ ወደመጣበት ይመለሳል።

አፉን መልሶ ገጠመ።

የታደለ ማጅራት ሸብቷል። ላቡ በጆሮው ሥር ወርዶ ከአገጩ ይንጠባጠባል፤ ጉልበቱም መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ደረሰ አባቱን ሊደግፍ እጁን ይዘረጋና ደንቡ አይፈቅድምና መልሶ ያጥፈዋል። ማረው ወደ አጥሩ አየ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እሱ ያያሉ። ይርጋለም ብቻ መሬት መሬት ታያለች፤ ሁለት እጇ ነጠላዋ ውስጥ ነው።

ተነሣ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ያዘ፤ ካሰበው በላይ ከባድ ነው። ከታደለ ማጅራት ላይ አነሣው፣ ጥቂት ከያዘው በኋላ ሣሩ ላይ አኖረው።

ከአጥሩ በኩል እልልታ ተነሣ። መጀመሪያ የሰማው የአገኘሁሽን ነው፤ ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ።

«ቃሉን ጨምርልን እንጂ ልጄ» አሉ ቄስ ተክለ ማርያም። «‹ይቅር ለእግዚአብሔር› በል።»

ቄሱ ጠበቁት፤ ሽማግሌዎቹም ጠበቁት።

«ይሁን» አሉ ቄሱ በመጨረሻ። «ድንጋዩን አውርዷል፤ ደንቡ ይኸው ነው፤ እርቁ አልቋል። ሽማግሌ በሚቀጥለው እሑድ ይሂድ።»

ደረሰ የአባቱን ክንድ ይዞ ቀና አደረገው። ታደለ ወገቡን እያሸ፣ ላቡን በነጠላው ጫፍ እየጠረገ፣ ማረውን አየው። ፊቱ ላይ ቂምም እፍረትም የለም፤ ነገሩን የማወቅ ጉጉት ብቻ ነው ያለው።

«ማረው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንግዲህ አለቀ። ለማንም አላወራም፤ እንዲያው ለራሴ ልወቀው። ምን ብዬህ ነበር?»

ማረው እጁ ላይ የቀረውን አፈር አራገፈ። ዱላውን ከሾላው ግንድ አነሣና፣ በሽማግሌዎቹ መሐል አልፎ ወደ አስፋልቱ ሄደ።